ምክንያት፦ ጥርስ

«ምክንያቱን አልሞላሽውም» አለ የፈትል ክፍሉ ኃላፊ ግሩም፣ የመውጫ ወረቀቱን ወደ አገርነሽ እየመለሰ።

አገርነሽ ግራና ቀኝ አየች። ከኋላዋ ሦስት ሰው ተሰልፏል፤ የሥራ ባልደረባዋ መሲ ደግሞ ለማንበብ አንገቷን አስግጋለች። አገርነሽ ጉንጯን በመዳፏ ያዘችና «ጥርስ» ብላ ጻፈች።

«በዚህ ሳምንት ሰባተኛዋ ጥርስ አንቺ ነሽ» አለ ግሩም ሲፈርም። «ክሊኒካችን እኮ የጥርስ ሐኪም የለውም።»

«ማስታገሻ አያጣም።»

ግሩም ቀና ብሎ ረዘም አድርጎ አያት። አውቋል፣ አለች በሆዷ፤ ይኼ ሰውዬ አውቋል።

አገርነሽ ፈትል ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ የተበጠሰ ክር ዓይኗን ጨፍና የምትቀጥል ሴት ነበረች። ከጥር ወዲህ ግን ማሽኑ ሲነሣ እጇ ይደርቃል። ክሩ ሲበጠስ ታያለች፣ እጇ አይታዘዛትም። ሁለት ማስጠንቀቂያ ተጽፎባታል፤ ሦስተኛው ስንብት ነው። ሰባታሚት ሰፈር ያሉት ሁለት ልጆቿ ደግሞ ከእሷ ሌላ ማንም የላቸውም።

ፋብሪካው ለሠራተኞቹ የምክር አገልግሎት ከፍቷል፦ ስድስት ጊዜ፣ በነጻ፣ በሥራ ሰዓት፣ በምሥጢር። ምግብ አዳራሹ በር ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ፣ «በምሥጢር» ከሚለው ሥር አንዱ «አይ ምሥጢር!» ብሎ ጽፎበታል። እና ማን ይመን? አማካሪዋ የሥራ አስኪያጁ ዘመድ ናት ተባለ። የሰማችውን ሁሉ በሰማያዊ ደብተር ጽፋ ለአስተዳደር ታቀብላለች ተባለ። የጥበቃው አምሐ እንኳ «እዚያ የገባ ሰው ስሙ ይያዛል» ብሏል። ደግነቱ የምክር ክፍሉ ያለው ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ነው፤ የጥርስ ሕመሙም የመጣው ከዚያ ነው። ጥርስ ማን ከፍቶ ያያል?

«ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለቻት አማካሪዋ ሊድያ፣ ከአዲስ አበባ የመጣች ለጋ ወጣት። በመስኮቱ ደንገሉና ሐይቁ ይታያሉ። አገርነሽ ግን ያየችው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰማያዊ ደብተር ነው። ወይኔ፣ እውነት ነው ለካ!

«ሥራ አስኪያጁ ምንሽ ነው?» አለች ገና ሳትቀመጥ።

ሊድያ ሳቀች። «ምኔም አይደለም። ስሙን እንኳ ያወቅኩት ስቀጠር ነው።»

«ይኼስ ደብተር?»

ሊድያ ገልጣ አሳየቻት። ቀንና ቁጥር እንጂ ስም የለበትም። ሌላ ደብተር ቢኖራትስ፣ አለች አገርነሽ በሆዷ።

ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ጥርሷ አወራች። የላይኛው ነው አለች፣ ቆይታ ደግሞ የታችኛው። ሊድያ አላቋረጠቻትም። በመጨረሻ ቀስ ብላ «እጅዎስ?» አለቻት።

አገርነሽ እጆቿን ሽርጧ ሥር ደብቃቸው ነበር።

«በጥር ነው፤ የሥራ ጓደኛዬ ኪዲ ከጎኔ ነበረች» አለች። «ማሽኑ ጣቶቿን ሲይዛት ማቆሚያው እኔ ዘንድ ነበር። አልተጫንሁትም። ደርቄ ቀረሁ። ሁለት ጣቶቿን አጣች። ይኸን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ ወዲያውም ተጸጸተች። ምን ነካኝ! በገዛ አፌ ተባረርሁ!

«ያሉት ከዚህ ክፍል አይወጣም» አለች ሊድያ። «ሐሙስ ተመልሰው ይምጡ፤ ካልተዘጋን።»

«ለምን ይዘጋል?»

«በዚህ ወር አርባ ሰው መጣ ብዬ ሪፖርት ባደርግ አስተዳደሩ አላመነኝም። በመውጫ ወረቀቱ ላይ አንድም ሰው ወደ እኔ አልመጣም፤ ሁሉም ጥርሱን አሞታል። ወሩ ሲያልቅ ይወስናሉ።»

አሃ! አለች አገርነሽ በሆዷ። በገዛ እጃችን ስማችንን ልታስይዘን ነው። ወጥመዱ ይኼ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ሦስተኛውን ደብዳቤ ስትጠብቅ ከረመች። ተላላኪ ባለፈ ቁጥር በዓይኗ ትከተለዋለች። አሁን እሽግ ክፍል የምትሠራው ኪዲ ሰላም ስትላት ፊቷን መረመረች፤ ሰምታ ይሆን? ምንም የለም። ደብዳቤውም አልመጣም። ረቡዕ ዕለት ማሽኑ ሲነሣ እጇ እንደልማዱ ደረቀ፣ ግን ቶሎ ለቀቃትና አንድ ክር ቀጠለች። አጋጣሚ ነው አለች፤ የገዛ እጇንም ጠረጠረችው።

ሐሙስ ጉንጯን በመዳፏ ይዛ ግሩም ጠረጴዛ ፊት ቆመች። እሱ ስልክ እያናገረ የወረቀቱን ጥራዝ ወደ እሷ ገፋላት። ባዶውን ገጽ ስትፈልግ ማክሰኞ የተቆረጠ ወረቀት ቅጂ ላይ ዓይኗ አረፈ። ስም፦ ግሩም። ምክንያት፦ ጥርስ።

አደጋው የደረሰ ቀን ኪዲን ከማሽኑ ያላቀቃት ግሩም ነበር። ሸሚዙ በደም ርሶ፣ ምሳ ሳይበላ፣ ከሰዓት በኋላ ሥራውን እንደቀጠለ አገርነሽ አሁን ትዝ አላት። እሱንስ ማን ጠየቀው?

«ጻፊው እንጂ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አለ ግሩም ስልኩን ዘግቶ።

«ጥ» ብላ ጀምራ ቆመች። ሊድያን አሁንም አላመነቻትም። አስተዳደሩንማ ተዪው። ግን የሚቀጥለው ሐሙስ ቢቀርባት ምን ይውጣታል? ከኋላዋ መሲ አንገቷን አስግጋለች።

አገርነሽ ፊደሉን ሰረዘችው። አጠገቡ «የምክር አገልግሎት» ብላ፣ መሲም እንድታነበው አድርጋ በትልቁ ጻፈችና ጥራዙን ወደ ግሩም መለሰችው። ከዚያ እጇን ከጉንጯ አወረደች።