የሰብለ ወንጌል ውኃ

የጭነት መኪናው ከቢቸና በጭቃ ሲንፏቀቅ መጥቶ ሞጣ ሐኪም ቤት ደጅ ሲቆም፣ የቅኔ መምህሩ መሪጌታ አካለ ወልድ ቃሬዛውን ይዘው ሚስታቸውን አወረዱ። ሰብለ ወንጌል ከወለደች ወዲህ ፊቷ አብጧል፤ ሽንቷ ቆሟል። ሕፃኑ እናቷ ዘንድ ቀርቷል።

ወጣቱ ሐኪም መንግስቴ፣ የጃንሆይ ሥዕል ከተሰቀለበት ክፍል አስገብቶ መረመራት።

"በወሊድ ብዙ ደም ስለፈሰሳት ኩላሊቷ ሥራ አቁሟል" አለ። "ጊዜ ካገኘ ሊመለስ ይችላል። እስከዚያው በደሟ የሚጠራቀመውን መርዝ በውኃ እናጥባለን።"

"ደም እንዴት ይታጠባል?"

"ጨውና ስኳር የገባበት ውኃ በቀጭን ቱቦ ወደ ሆዷ እናስገባለን። መርዙን ሲስብ መልሰን እናወጣዋለን። ከአዲስ አበባ ተዘጋጅቶ በጠርሙስ የሚመጣው መንገድ ተበላሽቶ ቀረ፤ ውኃውን እዚሁ እናዘጋጃለን።"

"ከግቢው በታች ካለው ምንጭ ላስቀዳ፤ የጠራ ነው።"

ሐኪሙ ወደ ጓሮ ክፍል ወሰዳቸው። ትልቅ ድስት ይፈላል፤ እንፋሎቱ በመዳብ ቧንቧ ሄዶ ቀዝቅዞ ጠርሙስ ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። ሌላ ባዶ ድስት አዘንብሎ አሳያቸው። ነጭ ቅርፊት ከሥሩ ተጋግሯል።

"ይህ የዚያው ምንጭ ውኃ ሲፈላ የቀረ ነው።"

መሪጌታ በጥፍራቸው ፈቀፈቁት። ድንጋይ ነው። ያን በመሰለ ውኃ ውስጥ ድንጋይ ተሰውሮ ኖሯል።

"ስንጠጣው ምንም አላደረገንም።"

"አንጀት መርጦ ያስገባል። ይህ ግን በር ላይ ጠባቂ በሌለው ቤት ነው የሚገባው። የጠርሙሱን አፍ ጣት ቢነካው እንኳ ሊገድላት ይችላል።"

"ጸበልስ?" አሉ በቀስታ።

"ግንባሯ ላይ ይርጩላት፣ የኔታ። ወደ ሆዷ የሚገባው ግን ከዚህ ብቻ ነው።"

መሪጌታ ቅርፊቱን ከጥፍራቸው አራገፉ። ከዚያ "እንዳልከው ይሁን" አሉ።

ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው ያዩት ጀመር። ውኃው እንደ እንባ ጠርቶ ይገባል፤ ቆይቶ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ደግሞ ይገባል፤ ደግሞ ይወጣል። መሪጌታ ስለ ውኃ ስንት ቅኔ ዘርፈዋል፤ እንዲህ ያለ ውኃ ግን አይተው አያውቁም። የሚስታቸው ፊት እብጠት ቀስ በቀስ ሲጎድል፣ የዓይኗ ቅርጽ ሲመለስ ያያሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዓይኗን ገለጠች።

"እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።"

"ልጁስ?"

"የምታጠባው ሴት ተገኝታለች። ደኅና ነው።"

በማግስቱ ጠዋት አስታማሚዋ ጥሩአየሁ ከመጋረጃው ጀርባ ፖፖ ይዛ ወጣች። ከሥሩ ጥቂት ሽንት አለ። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ደጋግሞ አየው።

"መጣ" አለ በመጨረሻ። "ለክተሽ ድፊው።"

ለክታ ልትወጣ ስትል መሪጌታ ተነሡ።

"ስጪኝ፣ ልጄ።"

"ኧረ የኔታ፣ የርስዎ ሥራ አይደለም።"

ከእጇ ተቀበሏት። በግቢው ከቢቸና ሊጠይቁ የመጡ ደቀ መዛሙርታቸው ቆመዋል፤ ጉልበታቸውን ሊስሙ ተሽቀዳደሙ፤ የያዙትን ሲያዩ ግን ቆሙ።

"እኛ እንያዝልዎ፣ የኔታ።"

"ተዉ፤ እኔው ነኝ የምወስደው" አሉ መሪጌታ፤ ፖፖውን በሁለት እጃቸው ደግፈው፣ ጠብታ እንዳይፈስ እየተጠነቀቁ በመካከላቸው አለፉ።