ለኮሌጁ ዋስ

ርብቃ ስትስቅ ሰው ሁሉ አብሯት ይስቃል። እኔ ስስቅ አፌን በእጄ እሸፍናለሁ። አብረን ተመረቅን፣ እንጅባራ ያለው ኮሌጃችን አብሮ ቀጠረን፣ ጠረጴዛችንም ጎን ለጎን ነው። ኮሌጁ የማንም የግል ንብረት አይደለም። ሕዝብ አዋጥቶ ያቆመው፣ ቦርድ የሚመራው፣ ከወጪ የተረፈው ተመልሶ ለቤተ ሙከራና ለድሃ ልጆች ትምህርት የሚውል ነው። ይህን ለሰው ማስረዳት የሁለታችን ሥራ ነው። እኔ እጽፋለሁ፤ እሷ ትናገራለች።

ባለፈው ወር ዲናችን ዶክተር አስቻለው ስብሰባ ላይ፣ "የአዘና ገበሬዎች የወል ግጦሻቸውን ከሰጡን የግብርና ቅርንጫፍ እንከፍታለን፤ ርብቃ ታስተባብረዋለች" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "እመቤት፣ አንቺ አዊኛ ታስተረጉሚላታለሽ።"

አዘና ተወልጄ ያደግሁት እኔ ነኝ። ቅርንጫፉ እዚያ ይከፈት ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ።

"እሺ" አልኩ።

ሚኒባስ ውስጥ ርብቃ፣ "እሙዬ፣ ሰላምታቸውን አስተምሪኝ" አለችኝ። አስተማርኳት። ከአዳራሹ በር ላይ ሆና በአዊኛ ሰላም ስትል ሽማግሌዎቹ ከመቀመጫቸው ተነሡላት።

"ይቺስ የእኛው ናት!" አሉ አንዱ።

የእውነት የእነሱዋ እኔ ግን ነጠላዬን እስከ ግንባሬ አውርጄ ከኋላ ቆሜ ነበር። አባቴ ይኸነው ጥግ ላይ ተቀምጦ አየኝና ራሱን ነቀነቀ። ዝምታን የወረስኩት ከእሱ ነው።

የግጦሹ ነገር የሚቋጨው በሽማግሌዎቹ አለቃ በአያ ባምላክ ቃል ነው። አያ ባምላክ ለገበያ አማርኛ ይናገራሉ፤ የመሬት ነገር ግን በአዊኛ ካልሆነ አይነጋገሩም።

"ዲኑ ሲሞቱ ኮሌጁን ልጆቻቸው ይወርሱታል?" ብለው ጠየቁ። ተረጎምኩ።

ርብቃ በዚያ በሚያምር ድምጿ፣ "አይወርሱም። ኮሌጁ ለትርፍ የቆመ አይደለም። ቦርድ አለው፤ ሒሳቡንም በየዓመቱ የውጭ ኦዲተር ይመረምረዋል" አለች።

ይህን እንዳለ ብተረጉመው ማንም አይሰማውም። "እንደ እድራችን ድንኳን ነው" አልኩ በአዊኛ። "ድንኳኑ የሊቀ መንበሩ አይደለም። ሲሞት ይተከልለታል እንጂ ልጆቹ አይከፋፈሉትም።"

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። አያ ባምላክ ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ። "ጎሽ! አንደበትሽ ይባረክ!" ፊታቸው ወደ ርብቃ ነበር።

"ምን አሉ?" አለችኝ።

"አንደበትሽ ይባረክ ነው ያሉሽ።"

ደስ ብሏት እጅ ነሳች። እኔ የነጠላዬን ጥለት በጣቴ ጠቀለልኩ፣ ፈታሁ፣ መልሼ ጠቀለልኩ።

"ግን" አሉ አያ ባምላክ፣ "ባለቤት የሌለው ነገር ቃሉን ቢያጥፍ ማንን ሽማግሌ ፊት አቆማለሁ? ቦርድ የሚባል ሰው አላውቅም። ዋስ ጥሪ፤ የዚህ አገር ሰው።"

ተረጎምኩ። ርብቃ ደነገጠች። "ማኅተም ያለው ደብዳቤ እናመጣለን በያቸው።"

"ማኅተም ሽማግሌ ፊት ይቆማል?" አሉ አቶ ነጋ የሚባሉት ሽማግሌ፤ ደግሞ ተሳቀ፤ አሁን ግን ሳቁ በእሷ ላይ ነበር።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "ማንን ልጥራ? እዚህ ማንንም አላውቅም" አለች።

ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አለኝ። ዝም ብል ግጦሹ አይሰጥም፤ ቅርንጫፉም የእሷ አይሆንም። ዝምታ ደግሞ ልማዴ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረኝም። ዝም አልኩ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። በመስኮቱ በኩል ግጦሹ ይታያል፤ ኮሌጁ እዚህ ቢኖር ኖሮ እኔ ልጅ ሆኜ ለትምህርት እንጅባራ ብቻዬን ክፍል ተከራይቼ ባላለቀስኩ ነበር። አባቴ አሁንም ያየኛል።

ነጠላዬን ከግንባሬ ገፋ አደረግሁ።

"ዋስ ጠርቻለሁ" አልኩ በአዊኛ፤ ድምፄ ቀጥኖ ወጣ። "አባቴን፣ ይኸነውን።"

አባቴ ተነሣ። "ነኝ" ብሎ ተቀመጠ።

"ኧረ ስንት ታስጠብቂናለሽ!" አሉ አያ ባምላክ። "አማርኛ የማንሰማ መሰለሽ? የድንኳኑን ምሳሌ ማን እንዳመጣው ሰምተናል። ዋስ ጥሪ ያልኩት አንቺን ነው። ግጦሹ ተሰጥቷል። በእኛ ደንብ ግን ዋስ የጠራ ሰው ከዋሱ አይርቅም፤ እዚህ ተቀምጠሽ ቅርንጫፉን የምትይዢው አንቺ ነሽ።"

"ምን አሉ?" አለች ርብቃ።

እኔ ከመተርጎሜ በፊት አያ ባምላክ ራሳቸው በአማርኛ ነገሯት። "እሷ ትቀመጥልን አልን፣ ልጄ። አንቺ እንግዳችን ነሽ፤ በመጣሽ ጊዜ ሁሉ ደስ ይለናል።"

ስንመለስ ሚኒባሱ የጥሊሊን ከተማ ሲያልፍ ርብቃ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ፣ "ድንኳን ሲሉ ሰማሁ፤ ምንድን ነው?" አለችኝ።

ነገርኳት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

"ጥሩ ነው" አለች።

ድምፅዋ እኔ ዲኑ ፊት "እሺ" ያልኩበት ድምፅ ነበር።