የአባቴ ዓይንና የቀኙ ጎማ

አባቴን የሰፈር ሰው «ውሃ ልክ» ይለዋል። ግድግዳ ሲያይ አንድ ዓይኑን ይጨፍንና «ሁለት ጣት ወደ ግራ አዘንብሏል» ይላል። አንድ ግንበኛ ሲለካው እውነትም ሁለት ጣት ሆኖ ተገኘ። እንደዚያ የሆነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ስሙ ግን ጸንቶ ቀረ።

ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። ጡረታ ሲወጣ ትንሽ የቤት መኪና ገዛ፤ ስትበላሽ ራሱ ይፈታታል፣ ራሱ ይገጥማል። እኔ የምሠራው ጋራዥ ነው፤ የመኪና ጎማዎች ቀጥ ብለው መቆማቸውን በመሣሪያ እየለካሁ አስተካክላለሁ። የእሱ መኪና ግን መሣሪያዬ ላይ ወጥታ አታውቅም። «ዓይን ያለው ሰው ማሽን ምን ያደርግለታል?» ይላል። ከአባቴ ጋር ስነጋገር ቃሎቼ ጉሮሮዬ ላይ ተሰልፈው «አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም» ይባባላሉ።

አክስቴ የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ እሷ ግን ለመናገር ተራ አትጠብቅም። ልብስ ሰፊ ናት። የሁለት ትምህርት ቤቶች ዩኒፎርም ትሰፋለች። ሰፍታ ስትጨርስ ጥቅሎቹን የሚያደርስላት አባቴ ነው፤ እሱ ከእንቅልፉ እስኪነሳ ደግሞ ተማሪዎቹ ክፍል ሊያልፉ ይደርሳሉ። ስለዚህ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ቆረጠች። አባቴ በራሱ መኪና አስተማራት። ሁለት ጊዜ ተፈተነች፤ ሁለት ጊዜ ወደቀች። ሦስተኛው ፈተና የፊታችን ዓርብ ነው። አሁንም ከወደቀች አንድ ዓመት ሙሉ አትፈተንም፤ ትምህርት ቤቶቹም «በጊዜ ካላደረስሽ ሥራውን ለሌላ እንሰጣለን» ብለዋታል።

ሰኞ ከሰዓት ሁለቱም ጋራዡ መጡ። አባቴ የቀኙን የፊት ጎማ ሊያስቀይር ነው፤ በዓመት ውስጥ ሦስተኛው መሆኑ ነው።

የጋራዡ ጎሚስታ ጎማውን አውልቆ አንከባለለውና ሳቀ። «ጋሽ ውሃ ልክ፣ ይሄ ጎማ እኮ ግማሽ ጎኑ ሙሽራ፣ ግማሽ ጎኑ ሽማግሌ ነው!»

እውነቱን ነው። የውጭው ጠርዝ እንደ መላጣ ለስልሶ ሽቦው ሊታይ ደርሷል፤ የውስጡ ጥርስ ግን ገና አዲስ ነው።

«የዘመኑ ጎማ!» አለ አባቴ። «ድሮ ጎማ ጎማ ነበር።»

«ፈታኙም የዘመኑ ነው» አለች አክስቴ። «ሁለቴ ጣለኝ እኮ። ‹ወደ ግራ እየሄድሽ መስመር ትረግጫለሽ› ይለኛል። የነሱ መኪና ነው ወደ ግራ የሚሄደው!»

ጆሮዬ ቆመ። «እትዬ፣ መሪውን እንዴት ነው የምትይዢው?»

በአየር ላይ አሳየችኝ። ግራ እጇ ዝቅ ብሎ ሳያቋርጥ ይስባል። «ጋሼ ‹ትንሽ ሳብ አድርገሽ ያዢው› ብሎኛል። መኪና ሁሉ ወደ ቀኝ ይሄድ የለ?»

አይሄድም። የምትሄደው የአባቴ መኪና ብቻ ናት። ባለፈው ዓመት አባቴ የቀኙን ሾክ፣ ጎማውን ደግፎ ንዝረት የሚያበርደውን፣ ራሱ ሲቀይር ብሎኖቹን በዓይኑ ለክቶ ነው ያጠበቃቸው። የጎማው አናት ወደ ውጭ አዘነበለ። ስለዚህ በአንድ ጠርዙ እየረገጠ ያልቃል፤ መኪናዋንም ወደ ቀኝ ይጎትታታል። አክስቴ በዚያች መኪና መሪ ወደ ግራ መሳብ ለመደች፤ ቀጥ ባለችው የፈተና መኪና ላይ ያንኑ ስታደርግ መስመሩን ትረግጣለች። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ገባኝ። ቃሎቼ ግን ተሰለፉ።

አክስቴ ቀደመችኝ። ጎንበስ ብላ ጎማውን እንደ ጨርቅ ደባበሰችው። «ጋሼ፣ እጅጌ ተጣሞ ከተገጠመ በአንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚያልቀው። ያኔ ጨርቁን አልሰድብም፤ ስፌቱን ነው የምፈታው።»

«ጎማና እጅጌ አንድ ነው እንዴ? አንቺ መርፌሽን ያዢ!»

«እትዬ እውነቷን ነው» አልኩ።

ጎሚስታው መዶሻውን አስቀመጠ። አባቴን በሕይወቴ የተቃወምኩበት ረጅሙ ንግግር ይኸው ነው፤ ሦስት ቃል።

አባቴ ፊቱ ቀላ። «አውጣት! መሣሪያህ ላይ አውጣት! ከተጣመመች እኔ ውሃ ልክ አይደለሁም!»

አዲሱ ጎማ ተገጠመላትና አወጣኋት። መለኪያዎቹን አራቱም ጎማ ላይ አሰርኩ። ስክሪኑ ላይ ሦስቱ አረንጓዴ ሆኑ፤ የፊት ቀኙ እንደ ቲማቲም ቀላ። አባቴ ስክሪኑን አየ። ከዚያ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ መሬቱን አየ።

«ወለላችሁ ነው የተጣመመው።»

ሁለቱን ብሎኖች አላልቼ የጎማውን አናት ወደ ውስጥ መለስኩት፤ ቁጥሩ አረንጓዴ ሲሆን አጠበቅኩ።

አባቴ ቁልፉን ነጥቆኝ ገባ። አገጩን ቀና አድርጎ ከበሩ ወጣ፤ ግራ እጁም እንደ ልማዱ መሪውን ሳበ። መኪናዋ አሁን ወደ ቀኝ የሚጎትታት ስለሌለ ታዘዘችው። ቀስ ብላ ወደ ግራ ዞረችና ከአሮጌ ጎማዎች ክምር ጋር ዷ! አንዱ ጎማ ከላይ ወርዶ፣ እየተንከባለለ፣ ቀጥ ብሎ አለፈው።

«ወደቅክ!» ብላ ጮኸች አክስቴ። «መስመር ረገጥክ! በሚቀጥለው ወር ተመለስ!»

ጎሚስታው መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። አባቴ እንኳን ጢሙ ሥር ፈገግታውን መደበቅ አቃተው። ድንገት ግን የአክስቴ ሳቅ ተቆረጠ።

«ወይኔ! እኔስ? ዓመት ሙሉ የለመድኩትን በአራት ቀን እንዴት እረሳዋለሁ?»

ማክሰኞና ረቡዕ አብሬያት ወጣሁ። መንገዱን እንደ እባብ ተጥመዘመዝንበት። እጇ አልሰማ አላት። ረቡዕ ከሰዓት መኪናዋን ዳር አቁማ መሪው ላይ ተደፋች። «አይሆንልኝም። ሥራውን ለሌላ ይስጡት።»

ልጅ ሆኜ በስፌት መኪናዋ ስሞክር ጨርቁን እየጎተትኩ መርፌ እሰብርባት ነበር። ያኔ እጄን መታ አድርጋ የምትለኝ ትዝ አለኝ። ቃሎቼም ሳይሰለፉ ወጡ።

«እትዬ፣ አትጎትቺው። ራሱ ይሄዳል።»

ቀና አለች። «ኧረ! የኔኑ ቃል ለኔ?»

መሪውን በጣቶቿ ጫፍ ያዘችው፤ ጨርቅ ወደ መርፌ ስትመራ እንደምታደርገው። መኪናዋ መሬት ላይ ክር የተሰመረላት ይመስል ቀጥ ብላ ሄደች።

ዓርብ አለፈች። ፈታኙ «ምን ተገኘ?» ሲላት «ስፌቱን ፈታነው» ብላው ወረደች አሉ።

ሰኞ ጥቅሎቹን ጭና ራሷ ነዳች። አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በጠዋት ተነስቶ ከጎኗ ተቀመጠ፤ እኔ ከኋላ ከጥቅሎቹ መሃል ነኝ። የአባቴ ግራ እጅ ግን ጉልበቱ ላይ ተጨብጦ የሌለ መሪ ይስባል።

አክስቴ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ «ጋሼ» አለችው፤ «አትጎትተው። ራሱ ይሄዳል።»