የሦስት ቴሌቪዥን እመቤት

ሰበታ ያለው የካቶሊክ ሚሽን ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ያሳድጋል። በሩን ግን ለሰፈሩም ከፍቷል፤ ውኃ ያስቀዳል፣ ሕመምተኛ ያክማል፣ ዘንድሮ ደግሞ የድሃ ልጆችን ምሳ እያበላ በነጻ ሊያስተምር ነው። ይህ የተሰማ ዕለት ሰፈሩ በአንድ ሌሊት ደኸየ።

ለመደኽየት እትዬ የሺሃረግን የቀደማቸው የለም። አምስት ክፍል እያከራዩ የልጅ ልጃቸውን አስመዘገቡ። ከሚሽኑ አጣሪ ቤት ለቤት ትመጣለች በተባለበት ጠዋት ቴሌቪዥናቸውን ታቅፈው ገነት በር ላይ ቆሙ።

ገነት ከወላይታ መጥታ ብሎኬት ማምረቻ የምትሠራ ተከራያቸው ናት። ቤቷ ፍራሽና ባልዲ ነው። ልጇ አዶናይ የሚውለው እሷው ጋ፣ አሸዋ ክምር ላይ ነበር፤ አሁን ግን ፎርማኑ «ከሰኞ ጀምሮ ልጅ ይዘሽ እንዳትመጪ» ስላላት እሷም ሚሽኑ አስመዝግባዋለች።

«ያንቺ ቤት ሰፊ ነው» አሉ እትዬ።

«ባዶ ሆኖ ነው እንጂ። አጣሪዋ እኔስ ጋ ብትመጣ?»

«አንቺ ጋ? አንቺን እኮ የሚሽኑ ሲስተር ራሳቸው ያውቁሻል። የታወቀ ድሃ ምኑ ይጣራል?»

ገነት ነገሩን እንደ ሙገሳ ወሰደችው።

ጎረቤቶቿ ሶፊና ማርቲም የየራሳቸውን ቴሌቪዥን አስገቡ። ፍሪጅ ተከተለ፣ ሶፋ ተከተለ። እትዬ እንዳይሰበርባቸው ብለው የአበባ ማስቀመጫቸውን ፍሪጁ አናት ላይ አኖሩ። አዶናይ ሶፋው ላይ ይዘል ጀመር።

አጣሪዋ ደራርቱ የምትባል ወጣት ናት። «አካም ጅርቱ» ብላ ገባችና ግቢውን ከጥግ ጀመረች። ጥጉ የገነት ነው።

«ሦስት?» አለች ደራርቱ።

«የኔ አይደለም።»

«ዛሬ የገባሁበት ቤት ሁሉ እንደሱ ነው የሚለኝ።» በሩ ላይ ወደተሰበሰቡት ሴቶች ዞረች። «ታዲያ የማን ነው?»

ሶፊ ጥፍሯን አየች። ማርቲ «እኛ እንኳን ቴሌቪዥን ሬዲዮም የለንም» አለች። እትዬ የሺሃረግ በረጅሙ ተነፈሱ። «ምን ልበልሽ ልጄ፤ ሠርታ ነው ያገኘችው። አልመቀኛትም።»

«ይቅርታ እህቴ፣ ቦታው ለተቸገረ ነው» ብላ ደራርቱ ወደሚቀጥለው በር አለፈች።

እሷ ከግቢው እንደወጣች ሴቶቹ ዕቃቸውን ሊያነሱ መጡ። ገነት በሩ ላይ ተገተረች።

«የማንን ዕቃ? አሁን የኛ አይደለም አላላችሁም? ሄጄ ነው የምናገረው!»

«ሂጂ» አሉ እትዬ። «ሦስት ቴሌቪዥን ያላትን ሴት ማን ያምናታል? በሩንም ዝጊው፤ ነገ እኔ ደግሞ እዘጋብሻለሁ።»

ገነት ገለል አለች።

ሶፋውን ሲያነሱ አዶናይ ላዩ ላይ ነበር። እንደ ትራስ አንስተው መሬት አስቀመጡት።

«እማ፣ እትዬ ያንቺ ነው አላሉም እንዴ?»

ገነት በጥፊ አለችው። ከዚያ በፊት እጇን አንስታበት አታውቅም።

እትዬ የሺሃረግ የአበባ ማስቀመጫቸውን እንዳቀፉ ዞሩ።

«ኧረ በማርያም! ልጅ እንዲህ ይመታል? ሲስተሮቹ ቢያዩሽ ምን ይላሉ?»