ያልተመዘገበው ግራይንደር

ሠርክአዲስ ፍኖተ ሰላም ላይ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ትሸጣለች። የብረት መቁረጫ ግራይንደር ለገዛ ሁሉ፣ «ስምዎንና ስልክዎን ያስመዝግቡ፤ ማሽኑ እንከን ከተገኘበት እንድንጠራዎት ነው» ትላለች። ቡሬ ላይ የብረት በር የሚሠሩት አያ የሺጥላ ግን አሻፈረኝ አሉ።

«ስልኬን የምትፈልጊው ግብር ልታስጨምሪብኝ ነው» ብለው ማሽናቸውን ታቅፈው ሄዱ።

ከወራት በኋላ አስመጪው ደወለ። የዚያ ዓይነት ግራይንደር ማብሪያው እየተጣበቀ ሰው ስላቆሰለ ባስቸኳይ ይሰብሰብ አለ። የተመዘገቡት በስልክ ተጠርተው መጥተው ቀየሩ። ለአያ የሺጥላ ሲባል ግን ሠርክአዲስ ሱቋን ዘግታ፣ አዲስ ማሽን ይዛ ሚኒባስ ተሳፈረች። ቡሬን በጠራራ ፀሐይ ስትዞር ውላ፣ በር ሠሪውን ሁሉ ጠይቃ አገኘቻቸው።

ገና ሲያዩዋት ግራይንደሩን ከቆርቆሮ ሥር ወሸቁት።

«ኧረ ግብር ልሰበስብ አልመጣሁም!» አለች በምሬት። «ማብሪያውን ሲለቁት አልቆም ይላል?»

«አዎ፣ መሽከርከሩን አይተውም። ብርቱ ማሽን ነዋ!»

ማሽኑ ሱሪያቸውን ጉልበቱ ላይ ቦጭቆታል።

«አያ የሺጥላ፣ ነገ እግርዎን ነው የሚቆርጠው!» ሶኬቱን ራሷ ነቅላ፣ አሮጌውን ከቆርቆሮው ሥር አውጥታ አዲሱን ሰጠቻቸው።

ሰክተው ሞከሩት። ማብሪያውን ሲለቁት ወዲያው ቆመ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ያኛው ይሻል ነበር፣ እቱ። ይኸስ ገና ከመነሣቱ ይደክማል።»

ሠርክአዲስ መልሰው እንዳይነጥቋት አሮጌውን ማሽን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ይዛ ወደ መናኸሪያ ገሠገሠች።