የአንሶላው ቀለበቶች

የሆስፒታሉ ሠራተኞች «እትዬ በረኪና» ይሏታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በልብስ ማጠቢያው ክፍል ሠርታለች። ከማዋለጃው፣ ከቀዶ ጥገናው፣ ከአዛውንቶቹ ክፍል በጋሪ የሚወርድላትን አንሶላ ትለያለች፣ ትነክራለች፣ ትቀቅላለች። አዲስ የተቀጠሩት ሴቶች በመጀመሪያው ቀን አፍንጫቸውን ይዘው ወደ ውጭ ሲሮጡ ትስቅባቸዋለች። «ከሰው የወጣ ነው፤ ከጅብ አልወጣ!» ትላቸዋለች። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አቅለሽልሿት አያውቅም።

አንድ ልጅ ብቻ ነበረቻት። ልጅቷ ሃያ አራት ዓመት ሲሞላት ባሕር ተሻግራ ሄደችና አንዲት የአልጋ ቁራኛ አሮጊት ለመንከባከብ ተቀጠረች። ስምንት ወር በሰላም አለፈ። ከዚያ ስልኳ ጠፋ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ከማይታወቅ ቁጥር ተደወለ።

«እማ፣ አስረውኛል» አለች ልጅቷ እያለቀሰች። «አሮጊቷን ጥላት ጠፋች ብለው ከሰሱኝ። እኔ እኮ የወጣሁት ለአንድ ጠዋት ነው!»

እናት አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም። ልጄ አንድ ጠዋት ካለች አንድ ጠዋት ነው። ጎረቤቱም «የሰው አገር ሰው ምን አንጀት አለው!» እያለ አብሯት አለቀሰ። የእናት ታላቅ ወንድም የጉዞውን ወጪ ቻለላትና በማታውቀው አገር፣ የማታውቀውን ቋንቋ ልትሰማ ተነሣች።

አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበላት ለልጅቷ ከቆመችላት ጠበቃ ጋር የሚሠራ አስተርጓሚ ነበር፤ የአገሯ ልጅ ነው። ምላሱ ጤፍ ይቆላል። ሽቶው ከሩቅ ይጣራል፣ ማስቲካ ያኝካል፣ ባወራ ቁጥር ትከሻዋን ይደባብሳል።

«አይዞዎት እማማ! እንዲህ ያለ ጉዳይ ስንቱን አይቻለሁ። ዳኞቹ የእናት እንባ ይወዳሉ። እርስዎ ብቻ እኔ የምልዎትን ይበሉ።»

እጁ ደስ አላላትም። ግን የሰው አገር ነው፣ ከሱ ሌላ አፍ የላትም፤ ዝም አለች። ከአንድ የመኪና ጎማ መጠገኛ በላይ ያለች ጠባብ ክፍል አሳረፋት።

በማግስቱ እስር ቤት ወሰዳት። እናትና ልጅ በወፍራም መስታወት ተለያይተው በስልክ መነጋገሪያ ተነጋገሩ። ልጅቷ ከስታለች፣ ፀጉሯ አጥሯል። እናት ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ አለቀሰች። «የኔ ንጹሕ! እንደ ሌባ ቆልፈውብሽ!» አለች። ልጅቷም «ንጹሕ ነኝ እማ» አለች።

ከሰዓት በኋላ ጠበቃዋ ቢሮ ተቀመጡ። ጠበቃዋ ዝምተኛ ሴት ናት፤ ጉዳዩን የሚያብራራው አስተርጓሚው ነው።

«ከሳሾቹ አሮጊቷ አራት ቀን ተጥላለች ይላሉ። ልጅዎ አንድ ጠዋት ትላለች። ያየ ጎረቤት የለም። እኛ ደግሞ አሮጊቷ በዱላ ትመታት ነበር፣ ፈርታ ነው የወጣችው እንላለን። እርስዎም ‹በስልክ እያለቀሰች ነግራኛለች› ብለው ይመሰክራሉ።»

«መትታታለች እንዴ?»

ሰውየው ፈገግ አለ። «እማማ፣ አሮጊቷ መናገር አትችልም። ብንል ማን ይክደናል?»

እትዬ በረኪና ፊቱን አየችው። ጥርሶቹ መካከል ማስቲካው ይንከባለላል። ዓይኗን ወደ ጠበቃዋ መለሰች።

በዚህ መካከል ጠበቃዋ ፋይሉን ከፍታ ፎቶግራፎች ዘረጋች። አስተርጓሚው በእጁ ሊሸፍናቸው ሞከረ። «ይቅርብዎት፣ ይቀፍፋል።»

«ለኔ ነው የምትለው?» አለችና እጁን ገፍታ አየች።

አሮጊቷ ከተነሣች በኋላ የተነሣ የአልጋ ፎቶ ነው። ሌላ ሰው ቢያየው አንድ ትልቅ እድፍ ነው። እሷ ግን አንሶላ እንደ ደብዳቤ ታነባለች። አንድ ጊዜ ረጥቦ የደረቀ አንሶላ ጠርዙ ቡናማ የሆነ አንድ ቀለበት ይሠራል። በላዩ ሲደገም ሌላ፣ ሰፋ ያለ ቀለበት ይወጣል፤ የፊተኛውም እንደ ካርቶን ይደርቃል። ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። ትልልቆቹ ቀለበቶች አራት ናቸው፤ መሃሉ ላይ፣ ጀርባ የሚያርፍበት ቦታ፣ ተጣብቆ የተላጠ ነገር አለ። ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። ታውቀዋለች።

የአንድ ጠዋት አንሶላ እንዲህ አይሆንም።

«አሮጊቷ በሕይወት አለች?» አለች በመጨረሻ።

«አለች። ሆስፒታል ናት፣ ጀርባዋ ቆስሏል። ሌላ ከተማ የሚኖረው ልጇ ነው መጥቶ ያገኛት።»

ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። በሦስተኛው ቀን እስር ቤት ብቻዋን ሄደች። ገና መነጋገሪያውን እንዳነሣች ጠየቀች፦

«ስንት ቀን ነው?»

«ነገርኩሽ እኮ እማ፣ አንድ...»

«አንሶላውን አይቼዋለሁ። ሌላውን ታታልዪ ይሆናል፤ እኔን ግን በአንሶላ አትዋሺኝም።»

ልጅቷ ጎንበስ አለች። ቀና ስትል ፊቷ ላይ እፍረት ሳይሆን ብስጭት ነበር።

«ሽታዋን አልቻልኩማ! እጄን ብታጠብ፣ ብታጠብ አይለቅም። ጓደኛዬ እንዝናና ብላ ጠራችኝ፤ ለአንድ ቀን ብዬ ሄድኩ። ከዚያ መመለሱ አስጠላኝ።»

«ልጇስ አይደውልም ነበር?»

«ይደውላል። በልታ ተኝታለች እለው ነበር።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ለማንኛውም እኮ አሮጊት ናት እማ። ዛሬ ነገ የምትባል።»

የእናት አፍ በምራቅ ተሞላ። መነጋገሪያውን አስቀምጣ ተነሣች፤ መጸዳጃ ቤቱ ድረስ በግድ ደረሰችና ሆዷ ተገለበጠ። ሆዷ ባዶ ቢሆንም አረንጓዴ ውሃ ወጣት። አንዲት ሴት ጠባቂ ጀርባዋን መታ መታ አድርጋ ውሃ ሰጠቻት። እትዬ በረኪና ፊቷን ታጠበችና እጆቿን አየቻቸው። የሬሳ ልብስ ያጠቡ እጆች ናቸው፤ ያስመለሳት ግን የገዛ ልጇ ቃል ነው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባላል። እንዲህ ያለ ቀለም ግን ከየት መጣ? እኔ ነኝ ያሳደግኋት፣ አለች በልቧ። ከሥራ ስመለስ «እጅሽ ይሸታል» ብላ ስትሸሸኝ ስቄ ያለፍኩ እኔ ነኝ። ራሷንም ተጸየፈች።

ተመልሳ ተቀመጠች። ልጅቷ አልተነሣችም ነበር።

«ስሚኝ። ችሎት ፊት ‹አሮጊቷ መታችኝ› ካልሽ፣ ተነሥቼ አንሶላውን አነብላቸዋለሁ። እውነቱን ከተናገርሽ አጠገብሽ እቆማለሁ።»

«እናቴ ነሽ ወይስ ከሳሼ?»

«እናትሽ ባልሆን ከመጸዳጃ ቤቱ አልመለስም ነበር። በዚያው በሩን ይዤ እወጣ ነበር።»

ጠበቃዋ ቢሮ ሄዳ ይህን ስትነግረው አስተርጓሚው ማስቲካውን ተፋ። «እማማ፣ በገዛ እጅዎ ልጅዎን ቀበሯት!» አለና እንደ ልማዱ ትከሻዋን ያዘ።

«እጅህን አንሣ» አለችው። «ከመጣሁ ጀምሮ ስትነካካኝ ዝም ያልኩት ቸግሮኝ ነው።»

ጠበቃዋ ግን ነገሩ ሲተረጎምላት አልተቆጣችም። ፋይሉን ዘጋችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ ልጅቷ ተስማምታለች?

ልጅቷ እስከ ችሎቱ ጠዋት አልተስማማችም ነበር። ስሟ ተጠርቶ ስትቆም እናቷን ፈለገች። እናት ፈገግ አላለችም፣ አላለቀሰችም፣ ዓይኗንም አልነቀለችም። ልጅቷ በቀጭን ድምፅ «አራት ቀን ነው» አለች። የስልኩንም ነገር ተናገረች። የአሮጊቷ ልጅ፣ ወፍራም ሽበታም ሰው፣ ይህን ሲሰማ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ተፈረደባት። እናት ሲወጡ ሰውየው ፊት ቆማ፣ ከጠበቃዋ የተማረችውን አንዲት ቃል፣ «ይቅርታ»ን፣ በራሱ ቋንቋ አለችው። ሰውየው ግድግዳውን እያየ አለፋት። አልፈረደችበትም።

ከመሳፈሯ በፊት መስታወት በሌለበት ክፍል አንድ ጊዜ አገናኟቸው። ልጅቷ ክንዷን ዘርግታ መጣች። የእናት ገላ በራሱ ጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ልጅቷ አይታዋለች፤ ግን አልቆመችም፣ መጥታ አቀፈቻት። እናት እንደ ግንድ ቆማ ታቀፈች። የልጇ ፀጉር ሳሙና ይሸታል። ያም አንገሸገሻት። የውስጥ ልብስና ካልሲ ሰጠቻት፣ «ብርድ እንዳይመታሽ» አለችና ወጣች።

አገሯ ስትመለስ ጎረቤቱ «ያለ ጥፋቷ!» ብሎ ሊያስተዛዝናት መጣ። «አጥፍታ ነው» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ ቀሩ።

ልጅቷ በየእሑዱ ትደውላለች። እናት በመጀመሪያው ጥሪ ታነሣለች። ስለ ምግቡ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ጥርስ ሕመሟ ያወራሉ። በሰባተኛው ወር አንድ እሑድ፣ ልጅቷ ጠየቀች፦

«እማ፣ አሁንም ትጸየፊኛለሽ?»

እናት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ልትዋሽ አሰበች፤ ቃሉም አፏ ላይ ነበር።

«አዎ» አለች። «ገና አልለቀቀኝም። አንቺ ግን እሑድ ደውዪ፤ እንዳትቀሪ።»