ሆድ አስገቢው ፊደል

ታፔላ ሠሪው እናቱ በሞተች ማግስት ሱቁን ከፈተ። "ምን ዓይነት ድንጋይ ልብ ነው!" ያሉ አልጠፉም። ይበሉ! የሰው አፍ በምን ይዘጋል? እሱ ግን ድንጋይም አልነበረም፤ በቃ፣ ምንም አልተሰማውም። እጁ ብቻ ይሠራል።

እጁ ደግሞ የሚያውቀው ወፍራምና ጠባብ ፊደል ነው። ራሱ ነው የሣለው። ፎቶ ሊነሣ ትንፋሹን የያዘ ቦርጫም ስለሚመስል፣ የሰፈሩ ሰው "ሆድ አስገቢ" ይለዋል። አንድ ክንድ የሚረዝመውን የሱቅ ስም ሁሉ በአንዲት ቆርቆሮ ላይ ጠቅጥቆ ከሩቅ ያስነብባል። የሐዘን ማስታወቂያም የሚወጣው በዚሁ ፊደል ነው፤ "አረፉ" የምትለዋ ቃል ኮምፒውተሩ ላይ ተዘጋጅታ ትጠብቃለች፣ ስም መቀየር ብቻ ነው።

የእናቱንም እንደዚያው ቀየረና አተመ። ታናሽ እህቱ ወረቀቱን አይታ አፈጠጠችበት።

"'እናታችን አረፉ'? አንተ! እማዬን መቼ አንቱ ብለናት እናውቃለን? የጎረቤት ሰው አስመሰልካት እኮ!"

"ሰው ሁሉ እንደዚህ ነው የሚያሠራው።"

"ሰው ሁሉ ያሠራ! የእኛዋ 'አረፈች' ናት። ለቀስተኛው ሳይመጣ ቀይርልኝ።"

እውነቷን ነው። ግን "አረፈች" ጣጣ አላት፤ ች። በዚህ ፊደል ስትጠብ፣ ባርኔጣዋ ከራሷ ጋር ይጣበቅና ት ትሆናለች። "አረፈት" የሚባል ነገር ደግሞ የለም። እናም ተቀመጠ፤ ባርኔጣዋን ከፍ አደረገ፣ አቀጠነ፣ መሐሉን ከፈተ። አንድ ሰዓት ሙሉ ች ላይ አፈጠጠ። ያረፈችው ማን እንደሆነች ግን አንዴም ትዝ አላለውም።

ከዚያ ወረቀቱን እንደገና አተመ። እህቱ መሰላሉን ያዘችለት፤ እሱ ወጥቶ ከግቢው በር በላይ ለጠፈው። ዳርና ዳሩን በመዳፉ ዳበሰና፣ ዞር ሳይል ወደ መንገዱ ማዶ ጮኸ፦

"እማዬ! ይነበባል?"

እህቱ ክው አለች። ታፔላ በሰቀለ ቁጥር ማዶ ቆማ የምታነብለት እናቱ ነበረች፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ! እሷ ሳትፈቅድለት ከመሰላል ወርዶ አያውቅም። አሁንም እጁን ወረቀቱ ላይ እንዳደረገ መልስ ይጠብቃል።

ምን ታድርግ? መሰላሉን ለቀቀች፣ መንገዱን ተሻገረችና ማዶ ቆመች። ወደ ወረቀቱ ቀና አለች።

"ምነው? ች ተደፈነች እንዴ?" አለ።

"ች ደህና ናት፣ ወንድሜ" አለች። "እንባዬ ነው አላሳይ ያለኝ። አንተው አንብበው።"

ቀና ብሎ አየው። "እናታችን" አለ፤ ቀጣዩ ቃል አልወጣ አለው። ግንባሩን ወረቀቱ ላይ ደግፎ፣ መሰላሉ ላይ እንደቆመ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።